ታክስ ሲቀነስ ገንዘቡ ማን ኪስ ይገባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዜናው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። «መንግሥት በእነዚህ ሸቀጦች ላይ የነበረውን ታክስ አነሳ» ይባላል። ሰው ደስ ይለዋል። በሳምንቱ ሱቅ ሲሄድ ዋጋው ያው ነው። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል፦ የተነሳው ገንዘብ የት ገባ?

ስለ ቫት (ተጨማሪ እሴት ታክስ) እና ስለ ሽያጭ ታክስ ቅነሳ በብዛት የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብስቤ፣ በተለያዩ አገሮች የታየውን እየጠቀስኩ መልሻለሁ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹና ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በአጭሩ ንገሩኝ፤ ተጠቃሚው ሸማቹ ነው ወይስ ነጋዴው?

ሁለቱም ይካፈሉታል። ድርሻቸው ግን ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ፈረንሳይ ውስጥ የምግብ ቤቶች ቫት ሲቀነስ ተመጋቢው ያገኘው ከአምስት አንድ እጅ እንኳ ያልሞላ ነው። ፖርቱጋል ውስጥ የምግብ ሸቀጦች ቫት ሲነሳ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ለሸማቹ ደርሷል። በሁለቱም አገር ሕጉ ታክስ ቀንሷል። ልዩነቱን ያመጣው ገበያው ነው። ዕቃው በበቂ አለ ወይ? ሻጮቹ ይፎካከራሉ ወይ? ገዢው ዋጋ ያወዳድራል ወይ? ዋጋውን የሚከታተል አካልስ አለ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ሸማቹ ይጠቀማል። ካልሆነ ቅነሳው ሻጩ ጋ ይቀራል።

መንግሥታት ታክስ ከማንሳታቸው በፊት እነዚህን ጥያቄዎች አለመጠየቃቸው በጣም ያሳስበኛል። የሚነሳው ገንዘብ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሊሠራበት የሚችል የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ቫቱን የምከፍለው እኔ አይደለሁ? ታዲያ ሲነሳ በቀጥታ ለእኔ መቅረት የለበትም?

ደረሰኙን ስናየው እንደዚያ ነው የሚመስለው። ዕቃው 1,000 ብር፣ ቫት 150 ብር፣ ድምር 1,150። ግን ገንዘቡን ለገቢዎች የሚያስገባው ሻጩ ነው። ዋጋውን የሚተምነውም እሱ ነው። ታክሱን ያነሳው ሕግ ሻጩን «ከዛሬ ጀምሮ 150 ብሩን አታስገባ» ይለዋል እንጂ «በ1,000 ብር ሽጥ» ብሎ አያስገድደውም።

እስቲ አንድ መጋዘን ውስጥ 100 ካርቶን ዕቃ አለ እንበል። ሌላ ዕቃ ለሁለት ወር አይገባም። እያንዳንዱን ካርቶን በ1,150 ብር ለመግዛት የተዘጋጁ 100 ሰዎችም አሉ። ታክሱ ሲነሳ ዕቃው ያው 100 ካርቶን ነው፤ ገዢዎቹም ያው ናቸው። ባለ መጋዘኑ በ1,000 ብር ልሽጥ ቢል በአንድ ጠዋት ያልቅበታል፣ ጠቅልሎ የሚገዛውም ምናልባት ሌላ ነጋዴ ይሆንና ዞሮ በ1,150 ይሸጠዋል። ስለዚህ ዋጋው ካለበት አይነቃነቅም። የሚንቀሳቀሰው 150 ብሩ ብቻ ነው፤ ከመንግሥት ካዝና ወደ ባለ መጋዘኑ።

መጋዘኑ ሞልቶ፣ አጠገቡም ሌሎች አምስት አስመጪዎች ተመሳሳይ ዕቃ ይዘው ቢቀመጡስ? ያኔ አንዱ ደንበኛ ለመሳብ ይቀንሳል፣ ሌሎቹም ሳይወዱ በግድ ይከተላሉ። የዚህ ሁሉ ጉዳይ ዋናው ነገር ይኸው ነው። ዕቃ ሲያጥር ቅነሳው ለያዘው ሰው ነው፤ ዕቃ ሲተርፍ ለገዢው።

የፈረንሳይ ምግብ ቤቶች ምን ሆነው ነው ሁሉም ሰው የሚጠቅሳቸው?

ምክንያቱም ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ከባድ ነው። የፈረንሳይ ምግብ ቤት ባለቤቶች ለዓመታት ታክስ ይቀነስልን ሲሉ ኖረዋል። ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ በ2002 ምርጫ ቃል ገቡላቸው። ነገሩ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተይዞ ቆየና በተከታያቸው በኒኮላ ሳርኮዚ ጊዜ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2009፣ ቫቱ ከ19.6 ወደ 5.5 በመቶ ወረደ። ትልቅ ቅነሳ ነው። ሙሉ በሙሉ ለተመጋቢው ቢተላለፍ ዋጋው በ11.8 በመቶ መውረድ ነበረበት። የዘርፉ ማኅበራትም ከመንግሥት ጋር ስምምነት ፈርመው ነበር፤ የተወሰኑ ምግቦችን ዋጋ እንቀንሳለን፣ ሰው እንቀጥራለን፣ ደሞዝ እናሻሽላለን ብለው።

የሆነውን ዩሴፍ ቤንዛርቲና ዶሪያን ካርሎኒ የተባሉ ተመራማሪዎች ቆጥረውታል። ዋጋ የወረደው በ2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከቅነሳው ከግማሽ በላዩ ለባለቤቶቹ ቀረ። ከቀሪው አብዛኛውን ሠራተኞችና ጥሬ ዕቃ የሚያቀርቡት ተካፈሉት። ተመጋቢው ከሁሉም ያነሰውን አገኘ። መንግሥት በዓመት ወደ 3 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገቢ ያጣው ለዚህ ነበር። ኋላ ላይ ታክሱን በ2012 ወደ 7፣ በ2014 ወደ 10 በመቶ መለሱት።

ይሄን ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ «ፓሪስ ውስጥ ምግብ ቤት ሞልቶ የለም እንዴ? ፉክክሩ የት ሄደ?» የሚል ነው። መልሱ ምግብ ቤት እንደ ስኳር አለመሆኑ ነው። ስኳር የትም ቢገዛ ስኳር ነው። ምግብ ቤት ግን ሰው የሚመርጠው በሠፈሩ፣ በጣዕሙ፣ በአስተናጋጁ፣ ከጓደኞቹ ጋር በለመደው ቦታ ነው፤ አንድ ዩሮ ቀነሱ ብሎ ከለመደው ቤት የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ባለቤቱም ይህን ያውቃል።

ታክስ ሲጨመር ዋጋ በአንድ ሌሊት ይሰቀላል። ሲቀነስ ለምን አይወርድም?

ይሄ የብዙ ሰው ብሶት ነው። ብሶት ብቻ ሳይሆን የተለካ ነገርም ነው።

ፊንላንድ በጥር 2007 የፀጉር ቤቶችን ቫት ከ22 ወደ 8 በመቶ አወረደች። ለሸማቹ የተላለፈው ግማሽ ያህሉ ነው። በጥር 2012 ደግሞ ወደ 23 በመቶ መለሰችው። ያኔ ዋጋው የጨመረው ሲቀነስ ከወረደው በእጥፍ ገደማ ነበር። ያው ፀጉር ቤት፣ ያው መቀስ፣ ታክሱም ከሞላ ጎደል ወደነበረበት ነው የተመለሰው፤ ዋጋው ግን ከነበረበት ከፍ ብሎ ቀረ። ይህን ያጠኑት ተመራማሪዎች ከዚያ በሌሎች የአውሮፓ አገሮች የብዙ ዓመታት የቫት ለውጦችን ሲያዩ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ዋጋ ለጭማሪ የሚሰጠው ምላሽ ለቅነሳ ከሚሰጠው እጥፍ ያህል ነው።

ለምን? ታክስ ሲጨመር ሁሉም ሻጭ በአንድ ቀን ምክንያት ያገኛል። «መንግሥት ጨመረ» ይላል፣ ደንበኛውም ይቀበለዋል። ሲቀነስ ግን ማንንም ቀድሞ እንዲንቀሳቀስ የሚያስገድደው የለም። ሁሉም «እስቲ ጎረቤቴ ይቀንስና አያለሁ» ብሎ ይጠብቃል። ሻጩ በተጨማሪ ነገ ኪራይ ይጨምርብኛል፣ ዕቃ ይወደድብኛል ብሎ ይሰጋል። ዛሬ ቀንሶ ከወር በኋላ መልሶ መጨመር ደንበኛ ያስቀይማል። ስለዚህ ቅነሳውን ይዞ መቆየት ይመርጣል።

ሳዑዲ ያላችሁ ጭማሪውን በደንብ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 1 ቀን 2020 ቫቱ ከ5 ወደ 15 በመቶ ሲዘል ዋጋ ለመሰቀል ጊዜ አልወሰደበትም። እዚያ ለሚሠሩና ከደሞዛቸው ቆጥበው ወደ ቤት ለሚልኩ ሰዎች ከባድ ጊዜ ነበር።

ዋጋ በእውነት የወረደበት አገር አለ?

አለ። ፖርቱጋል በሚያዝያ 2023 የ46 መሠረታዊ ምግቦችን ቫት ዜሮ አደረገች። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ ዓሣ፣ ሥጋ። ነገር ግን ታክሱን ዝም ብላ አልተወችም። መጀመሪያ ከገበሬዎችና ከሱፐርማርኬቶች ማኅበራት ጋር ተፈራረመች። የሸቀጦቹን ስም ዝርዝር አወጣች፣ እያንዳንዱ ሰው ስልኩ ላይ የትኛው ዕቃ እንደተካተተ ማየት ይችል ነበር። ዋጋው በተቆጣጣሪዎችና በጋዜጠኞች ዓይን ሥር ነበር። ሸማቹ ቅነሳውን ከሞላ ጎደል ሙሉውን አገኘው።

ስፔንም ከጥር 2023 ጀምሮ ዳቦ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬና አትክልትን ከ4 በመቶ ወደ ዜሮ፣ ዘይትና ፓስታን ከ10 ወደ 5 በመቶ አወረደች። ነጋዴው ቅነሳውን ተጠቅሞ ትርፉን እንዳያሰፋም ሕጉ ላይ ጻፈች። እዚያም አብዛኛው ቅነሳ ለገዢው ደርሷል።

ጀርመን በኮሮና ጊዜ፣ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 2020፣ ዋናውን ቫት ከ19 ወደ 16፣ የምግቡን ከ7 ወደ 5 በመቶ አወረደች። ሱፐርማርኬቶች ላይ ከቅነሳው ወደ 70 በመቶው ለሸማቹ ተላልፏል። ያስተላለፉት ለሰው አዝነው አይመስለኝም። እነ አልዲና ሊድል በአንድ ጎዳና ላይ ፊት ለፊት ተፋጠው የሚሸጡ ናቸው፤ አንዱ ሲቀንስ ሌላው ዝም ካለ ደንበኛው በማግስቱ መንገዱን ይሻገራል፣ እንዲያውም የታክሱ ቀን ሳይደርስ ቀድመው ዋጋ እየቀነሱ ማስታወቂያ ይሽቀዳደሙ ነበር።

15 በመቶ ቫት ከተነሳ ዋጋው በ15 በመቶ መውረድ አለበት አይደል?

አይደለም። ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሂሳብ ነው። ቫቱ የሚሰላው ከታክስ በፊት ካለው ዋጋ ላይ ነው። 1,150 ብር የነበረው ወደ 1,000 ቢወርድ ቅናሹ 150 ብር ነው። 150ን ለ1,150 ስታካፍሉት 13 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ ነጋዴው ምንም ሳያስቀር ቢያስተላልፍላችሁ እንኳ የምታዩት 13 በመቶ ነው።

ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ በዜና ላይ የማይነገር አንድ ልዩነት ነው። አንድ ዕቃ «ከታክስ ነጻ» መሆኑና «በዜሮ ተመን» ታክስ መደረጉ አንድ አይደሉም። በዜሮ ተመን ከሆነ ፋብሪካው ለማሸጊያ፣ ለመለዋወጫና ለሌላ ግብዓት የከፈለውን ቫት ተመላሽ መጠየቅ ይችላል። ከታክስ ነጻ ከሆነ ግን ተመላሽ የለም። የከፈለው ቫት ወጪ ሆኖ ዋጋው ውስጥ ይቀራል። እኛ ታክስ የለበትም ብለን የምንገዛው ዕቃ ውስጥ የተደበቀ ታክስ አለ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለአገር ውስጥ ሸማች የሚሰጠው አብዛኛው እፎይታ «ከታክስ ነጻ» የሚባለው ዓይነት ነው። ዜሮ ተመን በዋናነት ለውጭ ንግድ ነው የሚሠራው።

ስለዚህ የፓስታ ፋብሪካው «ሙሉውን መቀነስ አልችልም» ቢል ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ፓስታ፣ ማካሮኒና እንቁላል ከቫት ነጻ ሲሆኑ ለምን ምንም አልተሰማንም?

በ2013 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ገንዘብ ሚኒስቴር ስንዴ፣ ዘይት፣ ስኳርና ሩዝ ያለ ቀረጥና ታክስ እንዲገቡ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒና እንቁላል ደግሞ ያለ ቫት እንዲሸጡ ፈቀደ። የሰውን ኑሮ ለማቅለል ታስቦ ነው፤ ሐሳቡን አልቃወመውም። ግን ብዙ ነገር በአንድ ላይ ገጠመ።

የታክስ ቅነሳ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው። የዋጋ ንረት ግን በየወሩ ይመጣል። በ2022 የአገራችን ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ13 በመቶ መውረድ የነበረበት ዕቃ በ30 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚያየው ጭማሪውን ነው። በዚያው ዓመት የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ስንዴና የምግብ ዘይት በዓለም ገበያ ተወደዱ። ስለዚህ «ዋጋው አልወረደም፣ ነጋዴው በላው» ከማለታችን በፊት ታክሱ ባይነሳ ኖሮ ዋጋው ስንት ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይሄን ለነጋዴው ጥብቅና ለመቆም አይደለም የምለው። ጥፋቱን በትክክል ካላገኘነው መፍትሔውም ይስታል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የዶላር ጉዳይ ነው። ቀረጥ ስለተነሳ ብቻ ዘይት አይገባም። የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። ባንክ ዶላር ሲያጣ መንግሥት በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም አስመጪው በራሱ የውጭ ምንዛሪ እንዲያስገባ ፈቀደ። ያ ዶላር ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው ከጥቁር ገበያ ነበር። አስመጪው ዋጋውን የሚተምነው በዚያው ምንዛሪ ነበር። የተነሳው ቀረጥ ምንዛሪው ውስጥ ጠፍቶ ቀረ። ወደ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ትንሽ፣ የሚያስገቡትም ጥቂት ሲሆኑ ከላይ ያልኩት የመጋዘን ሂሳብ ቃል በቃል ይሠራል።

ስለዚህ የኔ አቋም ግልጽ ነው። ዕቃ በሌለበት ገበያ ላይ ታክስ ማንሳት ለሸማቹ እምብዛም አይደርስም። መጀመሪያ አቅርቦቱን ማስፋት፣ አስመጪውን ማብዛት፣ ከዚያ ታክሱን መንካት። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሕዝብ ገንዘብ ይባክናል።

የምገዛው ከሠፈር ሱቅና ከጉሊት ነው። እኔን ይመለከተኛል?

ጉሊት ላይ ያለ ቲማቲምና ሽንኩርት ድሮም ቫት የለበትም። ስለዚህ የሚቀነስ ነገር የለም።

የሠፈሩ ሱቅ ትንሽ ይለያል። ባለ ሱቁ ለቫት ያልተመዘገበ ከሆነ ደረሰኝ ላይ ቫት አይጽፍላችሁም፤ ነገር ግን ከጅምላ አከፋፋዩ ሲገዛ ቫት ከፍሎ ነው የሚያመጣው፣ ተመላሽም ስለሌለው መሸጫው ውስጥ ይጨምረዋል። ቫቱ ሲነሳ እሱም በርካሽ መግዛት አለበት። በርካሽ ካልገዛ ቅነሳው የቀረው አከፋፋዩ ጋ ነው። ብዙ ጊዜ የምንጣላው ከባለ ሱቁ ጋር ነው፤ እሱ ግን የቅነሳውን ሽታ እንኳ ያላገኘ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ ነው የምኖረው። እዚህ ታክሱ ካሸር ላይ ነው የሚደመረው፤ ታዲያ ሲቀነስ በቀጥታ ለእኔ አይደለም?

ከቫት ይልቅ ለእናንተ የቀረበ ነው፣ አዎ። ሸቀጡ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ታክስን ስለማይጨምር ታክሱ ሲቀነስ ሻጩ ምንም ሳይሠራ ደረሰኛችሁ ላይ ይወርዳል። ለማስቀረት ከፈለገ የተለጠፈውን ዋጋ ራሱ ከፍ ማድረግ አለበት። ያንን ማድረግ ይችላል፣ ግን ይታይበታል።

ቨርጂኒያ ከጥር 2023 ጀምሮ የምግብ ሸቀጥ ታክሷን ከ2.5 ወደ 1 በመቶ አውርዳለች። 200 ዶላር ለአስቤዛ የሚያወጣ ቤተሰብ 3 ዶላር ይተርፈዋል። ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ጥሬ የምግብ ሸቀጥ ላይ ድሮም ታክስ አትከፍሉም። ሜሪላንድ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ፣ 100 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነ ልብስና ጫማ ያለ ታክስ እንዲሸጥ ትፈቅዳለች። ለልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ለምትገዙ ጥሩ ነው። ግን 6 በመቶ ነው፤ ያው ጫማ በሌላ ሳምንት 20 በመቶ ቅናሽ ካለው ያኛው ይበልጣል። «ታክስ የለም» የሚለው ማስታወቂያ ሰውን ከሚገባው በላይ ያስሮጠዋል።

ነዳጅ ላይ ደግሞ ሌላ ነው፤ ታክሱ ጣቢያው ላይ በተለጠፈው ዋጋ ውስጥ ያለ ስለሆነ ነገሩ ወደ ቫት ይጠጋል። በ2022 ጸደይ ሜሪላንድ በጋሎን 36.1 ሳንቲም የሆነውን የነዳጅ ታክሷን ለ30 ቀን አቆመች። በታክሲና በኡበር ለሚተዳደሩት ወገኖቻችን ትልቅ ነገር ነበር። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ከቅነሳው ወደ 70 በመቶው ለነጂዎች እንደደረሰ አገኙ። ነዳጅ ማደያ ዋጋውን በትልቁ ጽፎ መንገድ ዳር ስለሚሰቅል መደበቅ አይመችም። በ2000 ኢሊኖይና ኢንዲያና ተመሳሳይ ነገር አድርገው ነበር፤ የዚያም ውጤት ተቀራራቢ ነው። ሲነሳ ወደ 70 በመቶ ወረደ፣ ሲመለስ ከ80 እስከ 100 በመቶው ተጨመረ። ከፊንላንድ ፀጉር ቤቶች ጋር አመሳስሉት።

ጊዜያዊ ቅነሳ ይሻላል ወይስ ቋሚ?

ዓላማው ምንድን ነው? ሰዎች ፍሪጅና ሶፋ ዛሬውኑ እንዲገዙና ገበያው እንዲነቃቃ ከሆነ ጊዜያዊው ይሠራል። ማብቂያው ቀን ስለሚታወቅ ሰው ይቸኩላል። ምግብ ላይ ግን ማንም የሚቀጥለውን ዓመት ሽሮ ዛሬ አይበላም። ጊዜያዊ ቅነሳ ደግሞ የሚያልቅበት ቀን ራሱ አደገኛ ነው፤ ታክሱ ሲመለስ ዋጋው ከነበረበት ያልፋል።

ስዊድን ያላችሁ ይሄን ልብ በሉ። መንግሥት የምግብ ቫት ከሚያዝያ 2026 እስከ 2027 መጨረሻ ከ12 ወደ 6 በመቶ እንደሚወርድ አስታውቋል። ሙሉ በሙሉ ቢተላለፍ 100 ክሮና የነበረው ወደ 94.64 ይወርዳል። ዘወትር የምትገዟቸውን ጥቂት ሸቀጦች ዋጋ ጽፋችሁ ያዙና አወዳድሩ።

የሞዴስ ታክስ ጉዳይስ?

ልቤን የሚነካኝ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ሞዴስ ማጣት ልጆችን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። እንግሊዝ ከጥር 2021 ጀምሮ በሞዴስና በታምፖን ላይ የነበረውን 5 በመቶ ቫት አንስታለች። የዘመቻው ድል ነበር። በኋላ የታክስ ባለሙያዎች ዋጋውን ሲመረምሩ ግን አብዛኛው ቅነሳ ሱቆቹ ጋ ቀርቶ አገኙት። ከዚያ ትምህርት ተወሰደ። በወር አበባ ጊዜ የሚለበሰው ሙታንታ ቫት እንዲነሳ በ2023 ዘመቻ ሲደረግ፣ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰርን የመሰሉ ትልልቅ ሱቆች ቅነሳውን ሙሉ በሙሉ እናስተላልፋለን ብለው አስቀድመው በይፋ ቃል ገቡ። ታክሱ ከጥር 2024 ጀምሮ ተነሳ። በአደባባይ የተነገረ ቃል ለመካድ ይከብዳል፤ እኛም አገር ለሞዴስ የሚታገሉ ሰዎች ታክሱ ይነሳ ከማለት ጋር ከአምራቾችና ከአስመጪዎች ይሄን ዓይነት ቃል ቢጠይቁ መልካም ነው።

ነጋዴው ቢያስቀረውስ ምን ችግር አለው? ሰው ይቀጥርበት የለም?

አንዳንድ ጊዜ ልክ ነው። እንግሊዝ በሐምሌ 2020 የምግብ ቤትና የሆቴል ቫትን ከ20 ወደ 5 በመቶ ስታወርድ ቤቶቹ በኮሮና ምክንያት ሊዘጉ ደርሰው ነበር። ቅነሳውን ይዘው ኪራይና ደሞዝ ቢከፍሉበት የታሰበው ተሳካ ማለት ነው። ችግሩ ዓላማው ሳይነገር ሲቀር ነው። «ኑሮ ለማቅለል» ተብሎ ታክስ ተነስቶ ገንዘቡ ትርፍ ማሳደጊያ ከሆነ ሕዝቡ ሁለቴ ይጎዳል። ዋጋው አይወርድለትም፣ የሚገባው አገልግሎትም ገንዘብ ያጣል። ንግዱን መደገፍ ከተፈለገ በግልጽ ተብሎ፣ ሠራተኛ ለማይቀንስ፣ ሥራ ለሚያስፋፋ ድርጅት ቢሰጥ ይሻላል።

ለድሃ ቤተሰብ ከሁሉ የሚሻለው የቱ ነው?

ቫት ሲነሳ ብዙ የሚገዛ ብዙ ይጠቀማል። በወር ሁለት ፓኬት ፓስታ የምትገዛ እናትና ካርቶን ሙሉ የሚጭን ሀብታም እኩል ተመን ነው የሚነሳላቸው፣ በብር ግን ሀብታሙ ይበልጣል። ለዚህ ነው ብዙ የምጣኔ ሀብት ሰዎች ገንዘቡን በቀጥታ ለተቸገረው መስጠትን የሚመርጡት። እኛም አገር ሴፍቲኔት አለ፤ በገጠር ከ2005 ጀምሮ፣ ኋላም በከተማ። ግን መዝገቡ ላይ የሌሉ፣ ደሞዝ እያላቸው ወር መድረስ ያቃታቸው ብዙ ናቸው። ለእነሱ የምግብ ዋጋ መውረድ አለበት። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ እላለሁ፤ ለተቸገረው ቀጥታ ድጋፍ፣ ለሁሉም ደግሞ ጥቂት፣ በደንብ የተመረጡና በአገር ውስጥ በብዛት የሚመረቱ ምግቦች ላይ ቅነሳ። ረጅም ዝርዝር ለመቆጣጠር አይመችም።

ሻጩ «ይሄ ዕቃ ታክስ ተከፍሎበት የገባ ነው» ይለኛል። ልመነው?

ግማሹ እውነት ነው። ቀረጥና ኤክሳይዝ ታክስ ጉምሩክ ላይ ወይም ፋብሪካ በር ላይ ይከፈላሉ፣ ስለዚህ አሮጌው ክምችት በእርግጥ ታክሱን ይዞ ነው የገባው። ጥያቄው ለስንት ጊዜ የሚለው ነው። ፓስታ ሱቅ ውስጥ ከጥቂት ሳምንት በላይ አይቀመጥም። ከሦስት ወር በኋላም ያንኑ ምክንያት ከሰማችሁ አትቀበሉት። ጭማሪ ሲሆንስ? በአሮጌ ዋጋ የገባው ዕቃ በማግስቱ በአዲሱ ዋጋ ሲሸጥ «ድሮ የገባ ነው» ብሎ የሚያቆየው የለም። ይሄን በትሕትና ብትጠይቁት ሻጩ ራሱ ይገባዋል።

መቀነሱን እንዴት ላረጋግጥ?

ደረሰኝ ያዙ። ከቅነሳው በፊት በነበረው ደረሰኝ ላይ ከቫት በፊት ያለውን ዋጋ እዩ፤ ለብቻው ካልተጻፈ ድምሩን ለ1.15 አካፍሉት። ከቅነሳው በኋላ ከምትከፍሉት ጋር አስተያዩት። ድሮ 1,150 ከፍላችሁ ዛሬም 1,150 ከሆነ የሻጩ ዋጋ ከ1,000 ወደ 1,150 አድጓል ማለት ነው። በመሃል ሁሉም ነገር ጨምሮ እንደሆነ ለማየት ታክሱ ያልተነካ ተመሳሳይ ዕቃ አብራችሁ ተከታተሉ። ፓስታ ከሆነ ለምሳሌ ብስኩት። ብስኩቱ ሳይጨምር ፓስታው ካልወረደ ነገሩ ይታያል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነጋዴ ዋጋ ለጥፎ የማሳየትና ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ዋጋ ካልለጠፈ ወይም ደረሰኝ ከከለከለ ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ትችላላችሁ። ዋጋ ባለመቀነሱ ብቻ ግን በአብዛኛው የሚከሰስበት ሕግ የለም፤ ስለዚህ የሚቀረው ሌላ ሱቅ መጠየቅ፣ በእሁድ ገበያና በሸማቾች ማኅበር ካለው ዋጋ ጋር ማመሳከርና ያገኛችሁትን ለጎረቤት መንገር ነው።